የብረቱ በርና የአባይ ሙላት፦ ስለ «ራሴላስ» መቼት የቀረበ ሂስ

ባለፈው ወር በእጅ የሚጻፈው መጽሔታችን ከድንኳን ወደ ድንኳን ከተዘዋወረ በኋላ ከአንባብያን አንዱ ወደ እኛ መጥተው ጥያቄ አቀረቡ። «መቼት ማለት ታሪኩ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ ነው ትላላችሁ። ደግ። ነገር ግን ቦታው ቢለወጥ ታሪኩ ምን ይጎድልበታል? ችግር የትም ችግር ነው፤ ፍቅርም የትም ፍቅር ነው» አሉን። ሰውየው ይህን ያሉት በሹፈት አልነበረም። እኛም በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን «መቼት» ማለት መቼና የት ከሚሉት ሁለት ቃላት የተሰፋ ነው ብለን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ ሠልጣኞቹም ገልብጠውት በፈተና ሁለት ነጥብ አግኝተውበት ያለፍነው ጉዳይ ስለሆነ፣ ጥያቄው ለካ እኛንም ይነካናል። የዚህ ወር ሂሳችን ለእሳቸው የተሰጠ መልስ ይሁን።

በእንግሊዞች ዘንድ ለዚህ ነገር ዘወትር በምሳሌነት የሚጠቀሰው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1886 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ ታሪክ ነው። በዚያ አጭር ልብ ወለድ አንድ የተከበረ ሐኪም በለንደን ከተማ ፊቱ ያማረ ቤት አለው። በሌላ ጎዳና ላይ ደግሞ ደወልም ማንኳኪያም የሌለው፣ ቀለሙ የረገፈ በር ይታያል። አንባቢው ሁለቱ በሮች የአንድ ቤት መሆናቸውን የሚረዳው ዘግይቶ ነው፤ ያን ባወቀ ጊዜም ስለ ሐኪሙ ነፍስ ሊነገረው ከሚገባው ግማሹ ተነግሮታል። ደራሲው «ይህ ሰው ሁለት ፊት አለው» ብሎ መስበክ አላስፈለገውም። ቤቱን ሠራለት፣ በቃ። ካርቱም ውስጥ ጀብራ የኖርን ሰዎችም ይህን ለመረዳት የለንደንን ጭጋግ ማየት አያሻንም። እንግዳ የሚገባበትንና የቤት ሠራተኛ የምትገባበትን በር ለይተን እናውቃለን። ከእኅቶቻችን መካከል ዓመት ሙሉ የእንግዳውን በር ያጠቡ፣ አንድ ቀን ግን ያልገቡበት ነበሩ።

ይሁንና ስለ ለንደን በሮች ብዙ ከመጻፍ ይልቅ፣ ለእኛ የሚቀርብ፣ ስለ እኛ የተጻፈ፣ እኛው ግን እምብዛም የማናነበው አንድ መጽሐፍ አለ። ይኸውም ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ራሴላስ» ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ነገር ግን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በአገራችን የኖረው የፖርቱጋሉ ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ፣ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ነበር። የመስፍኑም ስም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ፣ ከንጉሡ ወንድም፣ እንደ ተወሰደ ይታመናል። መጽሐፉን እናቱ በሞተችበት ሰሞን፣ የቀብሯን ወጪ ለመክፈል፣ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጻፈው ይባላል። በአገራችን ደግሞ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። በእንግሊዝ አገር ለመቶ ዓመትና ከዚያም በላይ የተማሪ መጽሐፍ ሆኖ ቆይቷል፤ ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 በጻፈችው «ጄን ኤር» ውስጥ አንዲት ተማሪ ስታነበው እናያለን። ጄን ግን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ስለ ጂኒ የሚያወራ ነገር ስታጣበት አሰልቺ መሰላት። እኛም በወጣትነታችን ፍርዳችን ከእርሷ አልራቀም ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው በአማራ መንግሥት ውስጥ ባለ አንድ ሸለቆ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ልጆች የዙፋን ተራ እስኪደርሳቸው በዚያ ይቀመጣሉ። ተራሮች ዙሪያውን ከበውታል። መግቢያው በዐለት ሥር የሚያልፍ አንድ ዋሻ ብቻ ሲሆን፣ አፉ የጥንት ቀጥቃጮች ባበጁት የብረት በር ተዘግቷል፤ በሩ ከክብደቱ የተነሣ በሰው ክንድ ብቻ አይከፈትም፣ አይዘጋምም። ከየተራራው የሚወርዱት ጅረቶች መካከል ላይ ሐይቅ ይሠራሉ። ከሐይቁ የሚተርፈው ውሃ በሰሜን በኩል ባለ ጨለማ ስንጥቅ ይገባና ከገደል ወደ ገደል እያስገመገመ ወርዶ ድምፁ ይጠፋል። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። በዚያ ሁሉ ድሎት መካከል ማንንም ሳያስፈቅድ የሚወጣው ውሃው ብቻ ነው። ራሴላስ ኋላ መውጫ ሲፈልግ ሄዶ ያንን ስንጥቅ ይመረምረዋል፤ ውሃ የሚያሳልፍ፣ ሰው ግን የማያሳልፍ ሆኖ ያገኘዋል። ወደ ከተማ ለመውጣት የፈቃድ ወረቀት የምንጠብቅ፣ በዝናብ ወራት ግን ጎርፉ በድንኳኖቻችን መካከል ገስግሶ ሲሄድ የምናይ ሰዎች፣ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አንፈልግም።

ካምፓችን የደስታ ሸለቆ ነው ማለታችን ግን አይደለም። በሸለቆው ማሽላ በጣሳ አይሰፈርም፤ ሁሉም ነገር ሞልቷል። የጆንሰን ብልሃትም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ረሃቡን፣ ብርዱንና ዱላውን ሁሉ ከቦታው አወጣና መዘጋቱን ብቻ ተወው። ከዚያም «አሁንስ ምን ቀረ?» ብሎ ይጠይቀናል። ራሴላስ ፍየሎቹን ቁጭ ብሎ ሲመለከት፣ ሲርባቸው ይግጣሉ፣ ሲጠማቸው ይጠጣሉ፣ ጠግበው ይተኛሉ፤ እርሱ ግን ጠግቦም አያርፍም። ነገሩ በአሸበረቀ አነጋገር ሳይሆን በግጦሽ ሣር ተነገረ።

ከታሪክ ጋር ሲያስተያዩት አንድ ትልቅ ለውጥ ይታያል። የነገሥታት ልጆች ይታሰሩ የነበረው በሸለቆ አልነበረም፤ በአምባ ላይ ነበር። በመጀመሪያ በወሎ በግሸን አምባ፣ ኋላም በጎንደር ዘመን በወህኒ አምባ። የአውሮፓ ጸሐፍትም ስለ አማራ ተራራ ሰምተው ኖሮ ከገነት ጋር ያነጻጽሩት ነበር፤ ሚልተን በ1667 ባሳተመው «የጠፋው ገነት» ውስጥ ስሙን አንሥቶታል። ጆንሰን ግን አምባውን ገለበጠና ሸለቆ አደረገው። ስሕተት ነው የሚሉ አሉ። በእኛ በኩል የመጽሐፉ ምርጥ ሐሳብ ይህ ነው እንላለን። ግሸን ላይ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ከአምባ ላይ የቆመ እስረኛ ከበታቹ አገሩን ሁሉ ያያል። መንደሩን፣ የሚታረሰውን ማሳ፣ የሚወጣውን ጭስ እያየ የተከለከለውን ያውቃል። በሸለቆ ያለው ግን ከተራራውና ከሰማዩ በቀር የሚያየው የለም፤ ስለዚህ እስራቱን ደስታ ብለው ስም ቢሰጡለት ይቀበላል። የኛ ቋንቋ ግን ለዚህ አልተታለለም። እስር ቤትን «ወህኒ» ማለታችን ከዚያው ከጎንደር ዘመኑ አምባ የወረስነው ነው ይባላል። ለመሳፍንት ማረፊያ የተባለውን ስፍራ ሕዝቡ አይቶ፣ መዝኖ፣ የስፍራውን ስም የእስር መጠሪያ አድርጎ አስቀረው። እንግዲህ መቼት ፍርድ ይሰጣል ወይ ለሚሉ ሰው ከዚህ የበለጠ ምስክር አናገኝም።

ስለ ቤተ መንግሥቱም አንድ ቃል እንበል። ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት መግቢያ አለው፤ አንዱ የሚታይ፣ አንዱ የተሰወረ። የአንዳንዶቹ ዓምዶች ውስጥ ባዶ ነው፤ ነገሥታቱ ሀብታቸውን ከተውበት በእብነ በረድ ደፍነውታል። የሀብቱ መዝገብ ደግሞ ራሱ በሌላ ግንብ ውስጥ ተሸሽጓል። በዚህ ቤት ውስጥ ሲዘፈንና ሲጨፈር ይውላል። ዘፋኞቹ የተደገፉበት ዓምድ ፍርሃት የሞላበት መሆኑን ደራሲው አይነግረንም፤ ዓምዱን ያሳየንና ያልፋል።

ንጉሠ ነገሥቱ በዓመት አንድ ጊዜ ሸለቆውን ሲጎበኝ በሩ በሙዚቃ ይከፈታል፤ ስምንት ቀን በዓል ይሆናል፤ ከውጭ የመጡ ባለሙያዎች በዚያ ለመቅረት ይሽቀዳደማሉ። የገባ ግን አይወጣም። ስለዚህ በሸለቆው ረጅም ጊዜ መኖር ምን እንደሚመስል በውጭ ያለ ሰው ሊያውቅ አይችልም፤ የሚያውቁት በሩ ተዘግቶባቸዋል። ይህን ስናነብ ባሕር ተሻግረው ከሄዱት ጓደኞቻችን የሚመጡትን ፎቶግራፎች እናስባለን። መኪና ተደግፎ የተነሣ ፎቶ፣ በረዶ ላይ የተነሣ ፎቶ። ፎቶው ይመጣል፤ ሰውየው ግን አይመጣም። ከውስጥ ምን እንዳለ የሚነግረን እስክናገኝ ድረስ ከበሩ ውጭ ሆነን የምንሰማው ሙዚቃውን ብቻ ነው።

በሸለቆው ውስጥ ክንፍ ሠርቶ ለመብረር የሞከረ አንድ ባለ እጅም አለ። ከገደል ጫፍ ዘለለና ሐይቁ ውስጥ ወደቀ፤ በአየር ላይ ያልጠቀመው ክንፍ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ነፍሱን አዳነለት። ተማሪዎች በዚህ ይሥቃሉ። ነገር ግን ሰውየው ከመዝለሉ በፊት ጥበቡን ለሌላ እንዳይገልጥበት ራሴላስን ያስምለዋል፤ ክፉ ሰዎች መብረርን ቢማሩ ከሰማይ የሚመጣውን ግንብም ተራራም ሊመልሰው አይችልም ሲል ይፈራል። ይህ የተጻፈው በ1759 ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በጀብራ ሰማይ ላይ አውሮፕላን ሲያጓራ አልጋ ሥር የገባን ሰዎች ያንን ገጽ ስናነብ አልሣቅንም።

ስለ መውጫው ብዙ አንልም። ዝናብ ከጉድጓዳቸው ያባረራቸው ሽኮኮዎች ወደ ላይ አዘንብለው ሲቆፍሩ አይተው፣ ራሴላስና ኢምላክ ተራራውን እንደ ሽኮኮ ሰረሰሩት። የብረቱን በር የነካው የለም። ይልቅ የሚያስገርመው ከወጡ በኋላ ያለው ነው። የመስፍኑ እኅት ነቃያና ደንገጡሯ ፔኩዋ ዙሪያቸውን ሲመለከቱ ዓይናቸውን የሚገታ ተራራ ጠፋባቸው። ደስ አላላቸውም፤ ቆመው ተንቀጠቀጡ። ድንበር አቋርጦ የመጀመሪያይቱን ሌሊት በሜዳ ላይ ያደረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሩቁ ሁሉ ሲከፈት ሰው ይጠፋል ብሎ የጻፈ፣ አገራችንን በዓይኑ ያላየ ሰው መሆኑ ይደንቀናል።

ካይሮ ከደረሱ በኋላ መጽሐፉ ስብከት ይበዛዋል። ፈላስፋው፣ ባሕታዊው፣ እረኞቹ፣ ባለጸጋው እየተራ እየመጡ ደስታ እንደሌላቸው ይነግሩናል፤ ቦታውም ይደበዝዛል። ካይሮን እንደ ካይሮ ያሸተትንበት ገጽ የለም። ልዕልቷም፣ ደንገጡሯም፣ ባለቅኔውም በአንድ አፍ፣ በጆንሰን አፍ፣ ይናገራሉ። በሸለቆው ውስጥ ያን ሁሉ ምግብ ማን እንዳበሰለው እንኳ አንሰማም። እንደ ሐያሲ ይህን ሳንናገር ብናልፍ አድርባይነት ይሆንብናል።

ከዚህ መካከል ግን የፔኩዋ ታሪክ ጎልቶ ይወጣል። ሌሎቹ ወደ ታላቁ ፒራሚድ ሲገቡ እርሷ ሙታንን ፈርታ ከድንኳኑ ቀረች። ጨለማውን ሸሽታ በብርሃን ተቀመጠች፤ ፈረሰኞችም መጥተው በጠራራ ፀሐይ ወሰዷት። አስፈሪ የተባለው ስፍራ ማንንም አልጎዳም። ወራት ካለፉ በኋላ ከኑቢያ ዳርቻ የተመለሰ መልእክተኛ ከአንድ የዐረብ አለቃ እጅ መሆኗን ነገራቸው፤ ማስለቀቂያዋም 200 ወቄት ወርቅ ነበረ። ተከፈለ፤ በቅዱስ እንጦንስ ገዳምም ተረከቧት። ኑቢያ ማለት እንግዲህ ከፊሉ እኛ ባለንበት በሱዳን ምድር የሚገኝ ነው። ከአንባብያን መካከል በስልክ የልጃቸውን ጩኸት ሰምተው በሬ የሸጡ፣ መሬት ያከራዩ አሉ። ራሴላስ ከሸለቆው ሲወጣ ጌጣጌጥ በልብሱ ሰፍቶ ነበርና የወርቁ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። እዚህ ላይ ጆንሰንን እንወቅሰዋለን። በሀዘኑ ላይ በብዙ ገጽ ቆየ፤ በክፍያው ላይ ግን አልቆየም። የነቃያ ለቅሶ እውነት ነው፤ ከለቅሶው ጋር ገንዘቡን ለማግኘት በየዘመዱ ደጅ መንከራተት የሌለበት ለቅሶ ግን የመሳፍንት ለቅሶ ነው።

አሁን ወደ ፍጻሜው እንምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም እርሱ ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ የአባይ ሙላት ካይሮን ከብቦ መንገደኞቹን ከቤት አስቀርቷቸዋል። ተቀምጠው እየተራ ምኞታቸውን ይናገራሉ። ፔኩዋ ገዳም ትመኛለች፤ ነቃያ የሴቶች ትምህርት ቤት፤ ራሴላስ ራሱ የሚያስተዳድራት ትንሽ መንግሥት፣ እርሷንም በሐሳቡ ዕለት ዕለት ያሰፋታል። የተመኙትን እንደማያገኙ ያውቃሉ። ውሃው ሲጎድል ወደ ኢትዮጵያ እንመለስ ብለው ይወስናሉ፤ መጽሐፉም ያበቃል። በማሠልጠኛው እኛ ያስተማርነው «ዕቅድ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ሰው ከተነሣበት ይመለሳል» የሚል ነበር። ያን ጊዜ ያስተማርነው ስሕተት እንደነበር ያሳየን ጀብራ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ስዑር ነበር፤ የእስላም ወንድሞቻችንም ረመዳን ገና አልተፈታም። ሽንኩርቱ ምድጃ ላይ ሳለ ተኩሱ ተጀመረ። የግቢውን የብረት በር ከውስጥ ቀረቀርን። ስምንት ሰዎች ነበርን። መብራቱ ጠፋ፤ ቀጥሎም ውሃው። ፋሲካን በደረቅ እንጀራና በዚያው ባልደረሰው ወጥ ፈሰክን። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሌሊቶች ያደረግነው ነገር ቢኖር ምኞት መናገር ነው። አንዷ ገዳሪፍ ወርጄ ምግብ ቤት እከፍታለሁ አለች። አንዱ የጀመረውን የነርስነት ትምህርት እንደሚጨርስ፣ ሌላዋ እናቷ ዘንድ ባሕር ዳር ገብታ ለሦስት ቀን እንደምትተኛ ተናገሩ። እኛ ደግሞ እናስተምራለን አልን። በማለዳው አንዳቸውም እንደማይሆኑ እናውቅ ነበር። ይሁንና በዚያ ቤት ውስጥ ዕቅድ ከንቱ ነው ያለ አልነበረም፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀጥል ነበር፤ ዝም የተባለበት ሌሊት ከሁሉ የከፋው ነበረ።

ከካርቱም ወጥተን፣ ከብዙ ወራት በኋላ መጽሐፉን እንደገና ስናገኝ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ስፍራ ጎን ለጎን አኖርናቸው። በሁለቱም ሰዎቹ ተዘግተዋል። የመጀመሪያውን የዘጋው ሰው የሠራው ብረት ነው፤ ወቅት የለውም። የመጨረሻውን የዘጋው ወንዝ ነው፤ ወንዝ ይጎድላል። በብረቱ በር ውስጥ ሁሉ ነገር ነበራቸው፣ ዕቅድ ግን አልነበራቸውም፤ በሙላቱ ውስጥ ምንም የላቸውም፣ ዕቅድ ግን አላቸው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻውን አምልጦ የወጣው ውሃ በመጨረሻው ምዕራፍ መጥቶ ደጃቸው ላይ የቆመ ይመስለናል። ጆንሰን ይህ ውሃ ያ ውሃ ነው አላለም። እኛ ግን የአባይ ልጆች ስለሆንን እንዲህ ብለን ብናነብ የሚከለክለን የለም።

ወደ ሸለቆው ነው የተመለሱት የሚሉ አሉ፤ በንባብ ክበባችንም ሁለት ምሽት ተከራክረንበታል። መጽሐፉ የሚለው ወደ ኢትዮጵያ ነው፤ በሩን አያነሣም። ከዚያም ሌላ መርሳት የሌለብን ነገር አለ። ከመካከላቸው ኢምላክ አስቀድሞ አንድ ጊዜ ተመልሷል። የጎጃም ነጋዴ ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመት ከአገር አገር ዞሮ ሲመለስ አባቱ ከሞተ አሥራ አራት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ወንድሞቹ ሀብቱን ተካፍለው ወደ ሌላ አውራጃ ሄደዋል፤ ከባልንጀሮቹ የሚበዙት አፈር ለብሰዋል፣ የቀሩትም ወይ ረስተውታል ወይ የባዕድ ጠባይ ያበላሸው አድርገው አዩት። ወደ ሸለቆው በፈቃዱ የገባው በዚህ ምክንያት ነበር። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው በመጨረሻው ምሽት ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ መመለሱን ያልተቃወመው። ጆንሰን በኢምላክ አፍ ብዙ ንግግር ያኖረ ሰው ሳለ፣ እዚህ ላይ ዝም ማሰኘቱን በደንብ እንዲመለከቱልን አንባብያንን እንጠይቃለን።

ጥያቄውን ላቀረቡልን አንባቢ፦ ሸለቆውን አንሥተው ራሴላስን መርካቶ ያስቀምጡት። ጠዋት ተነሥቶ ይወጣል፤ ታሪኩም አይጀመርም።

ያለን የእንግሊዝኛ ቅጂ አንድ ብቻ ነው፤ ጀርባው ተገንጥሏል። ከምዕራፍ 1 እስከ 15 ያለውን ለማያነቡት እንዲሆን በአማርኛ እየመለስን በሁለት ደብተር ጽፈናል። ተራ ለመያዝ የሚፈልጉ በትምህርት ቤቱ ዳስ ከቀትር በኋላ ያገኙናል። ደብተሮቹ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ይመለሱ፤ ባለፈው ክረምት የረጠበብንን እስከ ዛሬ አላነበብነውም።